ሊኑክስ ላይ ድምፅ ለምን ይጠፋል? የሠላሳ ዓመቱ ታሪክ

ሊኑክስ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይህቺን ነገር ያውቃታል። ሲስተሙ በሰላም ይጫናል፣ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ስክሪኑ ያምራል። ዘፈን ሲከፈት ግን ጸጥ! የድምፅ ሴቲንጉ ውስጥ ሲገባ የካርዱ ስም የለም፤ በምትኩ «ደሚ አውትፑት» የሚል ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ጎግል ይደረጋል፣ የዛሬ አሥር ዓመት የተጻፈ መልስ ይገኛል፣ የተገኘው ትእዛዝ ሁሉ ተርሚናል ላይ መለጠፍ ይጀምራል። አንዱ ፑልስኦዲዮን አጥፋው ይላል። ሌላው አልሳን እንደገና ጫን ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድሮ ኦኤስኤስ እያለ ነበር ጥሩ ይላል።

ግን እነዚህ ስሞች ምንድን ናቸው? ማን አመጣቸው? ለምንስ እንዲህ በዙ? እስቲ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

የሊኑክስ ድምፅ እንደ ፎቅ ቤት ነው። እያንዳንዱ ፎቅ በሌላ ዘመን፣ በሌላ ሰው፣ ለሌላ ችግር ተብሎ ተሠርቷል። የትኛው ፎቅ ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ድምፁ የቱ ጋ እንደቀረ ፈልጎ ያገኘዋል። የማያውቀው ደግሞ ሁልጊዜ ከላይ የሚታየውን ይወቅሳል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

▪ ምድር ቤቱ፦ ሳውንድ ብላስተርና ኦኤስኤስ

ድሮ የግል ኮምፒውተር ድምፁ «ጢጥ» ብቻ ነበር። በ1989 የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ፣ በመሥራቹ በሲም ዎንግ ሁ ዘመን፣ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርድ አወጣ። ጌም ሠሪዎች ወደዱት። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች አምራቾች «ከሳውንድ ብላስተር ጋር ይስማማል» ብለው ካርቶናቸው ላይ እየጻፉ መሸጥ ጀመሩ።

በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ሆኖ ያወጣው የመጀመሪያው የሊኑክስ ከርነል ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረውም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ፊንላንዳዊ፣ ሃኑ ሳቮላይነን፣ ለሳውንድ ብላስተር ድራይቨር ጻፈ።

ድራይቨር ምንድን ነው ለሚል ሰው፦ አስተርጓሚ ነው በሉት። ከርነሉና ካርዱ ቋንቋቸው ይለያያል፤ ድራይቨሩ መሐል ቁጭ ብሎ ያግባባቸዋል። አስተርጓሚው ከሌለ፣ ወይም ከተሳሳተ፣ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም ይላል።

የሳቮላይነን ሥራ መጀመሪያ ቮክስዌር፣ በኋላ ኦፕን ሳውንድ ሲስተም ተባለ፤ ባጭሩ ኦኤስኤስ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ዩኒክስ ላይ ሁሉም ነገር ፋይል ነው በሚለው ልማድ መሠረት ካርዱም እንደ አንድ ፋይል ሆኖ ይታያል። የድምፅ ዳታውን ወደዚያች ፋይል መገልበጥ ብቻ ነው፤ ስፒከሩ ይናገራል። ድሮን የሚናፍቁ ሰዎች የሚናፍቁት ይህንን ቀላልነት ነው።

ግን ድሮም ቢሆን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ካርዱ ላይ ጃምፐር የሚባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች ነበሩ። አድራሻው 220፣ ኢንተራፕቱ 5 ወይም 7፣ ዲኤምኤው 1 እየተባለ በእጅ ይስተካከላል። ኢንተራፕት 7 ደግሞ የፕሪንተሩም ቁጥር ነበር። ሁለቱ ሲጋጩ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ወይም አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ይደጋግማታል። ቁጥሮቹን ለሊኑክስ መንገር የሚቻለው ከርነሉ ኮምፓይል ሲደረግ ነበር። ተሳስተሃል? እንግዲያው እንደገና ኮምፓይል አድርግ። በዚያን ጊዜ ማሽን ይህ የሰዓታት ሥራ ነው።

በ1990ዎቹ መገባደጃ አለን ኮክስ በሬድሃት ድጋፍ የድምፅ ድራይቨሮቹን ወደ ሞጁል ለወጣቸው። ከርነሉ ሳይነካ የሚጫኑና የሚነሱ ሆኑ። ሬድሃት ላይ የድምፅ ካርድ የሚያዋቅር ትንሽ ፕሮግራምም ነበረች። ሲሳካላት የምታሰማው ሊኑስ ራሱ «ሊኑክስ» የሚለውን ስም እንዴት እንደሚጠራው ሲናገር የተቀዳውን ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ መስማት ማለት ካርዱ ሠራ ማለት ነው።

▪ አንደኛ ፎቅ፦ አልሳ

ኦኤስኤስ ሁለት ጣጣ ነበረበት። አንደኛው የባለቤትነት ነገር ነው። ሳቮላይነን ፎርፍሮንት ቴክኖሎጂስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ የተሻለውን ኦኤስኤስ በገንዘብ መሸጥ ጀመረ፤ ከርነሉ ውስጥ ያለው ነፃው ኦኤስኤስ ወደ ኋላ ቀረ። ሰውየው ለሥራው ዋጋ መፈለጉ ነውር የለውም። ግን የከርነሉ ተጠቃሚ ለአዲስ ካርድ ድራይቨር ፍለጋ ወደ ሱቅ መሄድ ግድ ሊሆንበት ነው። ኩባንያው በ2007 ኮዱን ክፍት ቢያደርገውም ያን ጊዜ ባቡሩ ሄዷል።

ሁለተኛው የካርዶቹ መለወጥ ነው። የካናዳው ግራቪስ አልትራሳውንድ የተባለ ካርድ እስከ 32 ድምፅ በራሱ መቀላቀል ይችል ነበር። ያሮስላቭ ኪሴላ የተባለ ቼካዊ ይህንን ካርድ በደንብ ለማሠራት የራሱን ድራይቨር መጻፍ ጀመረ። ለአንድ ካርድ የተጀመረው ሥራ በ1998 ለሁሉም ካርድ የሚሆን አዲስ አወቃቀር ወደመሥራት አደገ። አልሳ ማለት ይህ ነው።

አልሳ በ2002 ወደ ከርነሉ የሙከራ ቅርንጫፍ ገባ። በታኅሣሥ 2003 ከርነል 2.6 ሲወጣ የኦኤስኤስን ቦታ ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ሊኑክስ ላይ ካርዱን በቀጥታ የሚያናግረው አልሳ ነው፤ ዛሬም ድረስ። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች። አልሳን «አጥፍቶ» ድምፅ ማግኘት ማለት መሠረቱን አፍርሶ ጣሪያው ላይ መተኛት ነው።

አልሳ ከኃይሉ ጋር ውስብስብነትም ይዞ መጣ። የካርዱን እያንዳንዱን ቁልፍ ለተጠቃሚው ያሳያል፦ ማስተር፣ ፒሲኤም፣ ሄድፎን፣ ፍሮንት... በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ሞጁሉ ሲጫን ሁሉም ቁልፍ የተዘጋ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ድንገተኛ ጩኸት ስፒከርንም ጆሮንም እንዳይጎዳ ነው። ውጤቱ ግን ድራይቨሩ በትክክል ሠርቶ ሳለ ሰዉ «አልሠራም» ብሎ ሲነቅለው መዋሉ ሆነ።

▪ ሁለተኛ ፎቅ፦ አንድ በር፣ ብዙ ተሰላፊ

እንግዲህ ግራቪስ ብዙ ድምፅ ይቀላቅል ነበር ብለናል። በ1998 የወጣው ሳውንድ ብላስተር ላይቭም እንደዚሁ። ችግሩ ገበያው ወደዚያ አልሄደም። ከ1997 ጀምሮ በኢንቴል የኤሲ97 ደንብ መሠረት የተሠሩ ርካሽ ቺፖች ማዘርቦርዱ ላይ ተበይደው መምጣት ጀመሩ። እነዚህ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚቀበሉት። መቀላቀል ከፈለጋችሁ በሶፍትዌር ቀላቅሉ ነው ነገሩ።

ስለዚህ ሙዚቃ ማጫወቻው ካርዱን ከያዘ ብራውዘሩ ዝም ይላል። ቻቱ መልእክት መጣ ብሎ ሊጮህ ሲል «ዕቃው ተይዟል» የሚል መልስ ያገኛል። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሳውንድ ሰርቨር ነው፤ አንድ ፕሮግራም በሩ ላይ ቆሞ የሁሉንም ድምፅ ተቀብሎ፣ ቀላቅሎ፣ አንድ አድርጎ ያስገባል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ግኖም ኢሳውንድ የሚባል በረኛ አቆመ፣ ኬዲኢ ደግሞ አርትስ የሚባል ሌላ በረኛ አመጣ። ሙዚቃ ለሚቀርጹት ደግሞ ጃክ መጣ። ለአንድ በር ሦስት በረኛ! እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ አንዱ ቁልፉን ከያዘ ሌላው ደጅ ይቆማል።

▪ ፑልስኦዲዮ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በ2004 ሌናርት ፖተሪንግ የተባለ ጀርመናዊ ፖሊፕኦዲዮ የተባለ ሥራ ጀመረ፤ በ2006 ፑልስኦዲዮ ተባለ። ለሁሉም የሚሆን አንድ በረኛ ለማቆም ነው። የእያንዳንዱን ፕሮግራም ድምፅ ለየብቻ መቀነስና መጨመር፣ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ከስፒከር ወደ ብሉቱዝ ማዛወር፣ ይህ ሁሉ ዛሬ እንደ ተራ ነገር የምናየው ለሊኑክስ ተጠቃሚ በሰፊው የመጣው በእሱ ነው።

ፌዶራ 8 በኅዳር 2007፣ ኡቡንቱ 8.04 ደግሞ በሚያዝያ 2008 ፑልስኦዲዮን ከነሲስተሙ ማቅረብ ጀመሩ። ኡቡንቱ ሲዲውን በፖስታ በነፃ እስከ ቤት ይልክ የነበረበት ዘመን ነው። ብዙ አዲስ ሰው ከሊኑክስ ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው። እናም ብዙ አዲስ ሰው የተዋወቀው ከሚንተባተብ ድምፅ ጋር ነው።

ቁጣው ከባድ ነበር። «ፑልስኦዲዮን አጥፉት» የሚለው ምክር ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። የተሟላ ሳይሆን መውጣቱ እውነት ነው፤ የስርጭት አዘጋጆቹም ቸኩለዋል። ግን ከሥር የነበረውን ነገር ብዙ ሰው አላየውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በፊት ካርዱ በየትንሹ ሚሊሰከንድ ፕሮሰሰሩን እየቀሰቀሰ «ዳታ ጨምርልኝ» ይላል። ይህ ባትሪ ይበላል። ፑልስኦዲዮ በ2008 ሌላ ዘዴ አመጣ። ብዙ ዳታ ባንዴ ይሞላና ካርዱ አሁን የቱ ጋ እንደደረሰ ድራይቨሩን ይጠይቃል፤ በመልሱ ላይ ተመሥርቶ መቼ ተመልሶ እንደሚሞላ በራሱ ሰዓት ያሰላል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ድራይቨሩ እውነቱን መናገር አለበት። የብዙ ካርዶች ድራይቨር ደግሞ ያለበትን ቦታ በትክክል አይናገርም ነበር። እስከዚያ ድረስ እንዲህ አጥብቆ የጠየቀው ስላልነበር ስህተቱ ለዓመታት ተደብቆ ኖሯል። ፑልስኦዲዮ ጠየቀ፣ የተሳሳተ መልስ አገኘ፣ ድምፁ ተቆራረጠ። ስድቡ ለማን ሄደ? ለጠያቂው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው። ከላይ ያለው ይታያል፣ ስም አለው፣ ይሰደባል። ከሥር ያለው ድራይቨር አይታይም። ደስ የሚለው፣ ከጫጫታው በኋላ ድራይቨሮቹ አንድ በአንድ ተስተካከሉ። በ2014 ስካይፕ አዲሱ የሊኑክስ ፕሮግራሙ ያለ ፑልስኦዲዮ እንደማይሠራ ሲያስታውቅ ክርክሩ አብቅቶ ነበር ማለት ይቻላል።

▪ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ መስመር

በ2004 ኢንቴል የኤሲ97 ተተኪ የሆነውን ኤችዲ ኦዲዮ አወጣ። ዛሬ እጃችን ላይ ካሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህንኑ ይጠቀማሉ፤ ቺፑም ብዙ ጊዜ የሪልቴክ ነው። ታዲያ ደንቡ አንድ ከሆነ ለምን በአንዱ ላፕቶፕ ይሠራል በሌላው ይጠፋል?

ቺፑ ብዙ እግሮች አሉት። የትኛው እግር ከስፒከሩ፣ የትኛው ከሄድፎኑ ቀዳዳ፣ የትኛው ከማይኩ ጋር እንደተያያዘ ባዮሱ ውስጥ የሚጽፈው የላፕቶፑ አምራች ነው። አምራቹ ደግሞ ላፕቶፑን የሚፈትሸው በዊንዶውስ ነው፤ ለዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር አብሮ ስለሚሰጥ ባዮሱ ላይ የጻፈው ስህተት ቢሆንም እዚያ ላይ አይታወቅበትም። ሊኑክስ ግን የተጻፈውን አምኖ ድምፁን ምንም ወዳልተያያዘበት እግር ይልካል። ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል፤ መስመሩ ይንቀሳቀሳል፣ ስፒከሩ ዝም።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ዝርዝር። ከርነሉ ውስጥ «ይህ ሞዴል ከሆነ፣ ባዮሱ ያለውን እርሳው፣ እንዲህ አድርግ» የሚሉ መስመሮች ተደረደሩ። የሪልቴኩ ፋይል ብቻውን ከ10,000 መስመር አልፎ ነበር። እንደ ታካሺ ኢዋይ ያሉ የከርነሉ ድምፅ ጠባቂዎች ለዓመታት ይህንን ሲቀበሉ፣ ሲያርሙ፣ ሲጨምሩ ኖረዋል።

እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚነካኝ ይሄ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ መስመሮች በስተጀርባ ላፕቶፑ ዝም ያለበት አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ተሳድቦ ዊንዶውስ መጫን ይችል ነበር። እሱ ግን የካርዱን መረጃ ሰብስቦ ላከ፣ ይህንን ሞክር ሲሉት ሞከረ፣ አልሠራም ብሎ ጻፈ፣ እንደገና ሞከረ። ዛሬ ያንኑ ሞዴል አሮጌ ሆኖ የገዛ ሰው ሊኑክስ ሲጭን ድምፁ ወዲያው ይሠራል። ለማን ማመስገን እንዳለበትም አያውቅም።

ከ2019 ወዲህ የመጡት ላፕቶፖች ሌላ ጣጣ አመጡ። የላፕቶፑ ማይክ በቀጥታ ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ካለ የድምፅ ማቀነባበሪያ ጋር ተያያዘ፤ ያ ማቀነባበሪያ ደግሞ ሲነሳ የሚጫንለት ፈርምዌር ይፈልጋል። ኢንቴል በ2018 ሳውንድ ኦፕን ፈርምዌር የተባለውን ፕሮጀክት በክፍት ኮድ ይፋ ማድረጉ እዚህ ላይ ጠቀመ። ግን ከርነሉ አዲስ ሆኖ የፈርምዌሩ ፓኬጅ ካልተጫነ መጨረሻው ያው «ደሚ አውትፑት» ነው።

▪ ድምፅ ስክሪን የሆነላቸው

«ድምፅ ባይሠራስ? ዘፈኑን በስልኬ እሰማለሁ» የሚል አይጠፋም። ለማየት ለተሳነው ሰው ግን ድምፅ ማለት ስክሪን ነው። ኦርካ የተባለው አንባቢ ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ያነብለታል። በነፃ የሚገኘው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የንግግር ፕሮግራምም ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የድምፅ ድራይቨሩ ሲወድቅ ለዚህ ሰው ኮምፒውተሩ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ችግሩን የሚነግረው መልእክት ራሱ የሚነበብለት በድምፅ ነበር!

ፑልስኦዲዮ ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ሌላ መከራ አዩ። ገና ሲስተሙ ሲነሳ የሚጀምረው የጥቁሩ ስክሪን አንባቢ በቀጥታ ከአልሳ ጋር ይናገራል፤ በኋላ ተጠቃሚው ሲገባ ፑልስኦዲዮ ካርዱን ይፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ ዝም ማለት ነበረበት።

ደቢያን ግን የሠራትን አንዲት ነገር ልንገራችሁ። የመጫኛ ፕሮግራሙ የሚናገር አማራጭ አለው። ኮምፒውተሩ ከአንድ በላይ የድምፅ ካርድ ካለው የትኛው ስፒከር እንዳለው ማሽኑ አያውቅም። ስለዚህ በየካርዱ ተራ በተራ ይናገራል፤ ሰውየው ከሚፈልገው ካርድ ድምፅ ሲሰማ ኢንተር ይጫናል። አለቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባለሙያ ያከራከረውን «የትኛው ካርድ?» የሚል ጥያቄ ለጆሮ ተዉት።

▪ የዛሬው ፎቅ፦ ፓይፕዋየር

ዊም ታይማንስ የጂስትሪመር ፕሮጀክት ጀማሪ ከሆኑት አንዱ ነው። በ2015 ሬድሃት ውስጥ ሆኖ የካሜራና የቪዲዮ ዳታን በፕሮግራሞች መካከል የሚያስተላልፍ ሥራ ጀመረ። ለቪዲዮ የተጀመረው ለድምፅም ሆነና በ2017 ፓይፕዋየር በሚል ስም ይፋ ወጣ። ፌዶራ 34 በሚያዝያ 2021 ለድምፅ ተቀበለው፤ ኡቡንቱ በ22.10 ተከተለ፤ በኅዳር 2023 ሥሪት 1.0 ደረሰ።

ልብ በሉ፣ በዚህኛው ሽግግር እንደ 2008ቱ ያለ ጩኸት አልተሰማም። ለምን? ፓይፕዋየር ማንንም «ተለወጥ» አላለም። ለፑልስኦዲዮ የተጻፈ ፕሮግራም ሲመጣ በፑልስኦዲዮ ቋንቋ ይመልስለታል፣ ለጃክ የተጻፈውን በጃክ ቋንቋ። ሌላም አለ። በፑልስኦዲዮ ጊዜ የተሰደበው ሁሉ ድራይቨሮቹን አስተካክሎለት አልፏል። ፓይፕዋየር የተራመደው በተጠረገ መንገድ ላይ ነው። የጠረገው ምስጋና አላገኘም።

▪ እና አሁን ድምፅ ሲጠፋ?

ታሪኩን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ቤቱ የተሠራው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ፍተሻውም ከታች ወደ ላይ ይሁን።

1. ከርነሉ ካርዱን ያየዋል? የፒሲአይ ዕቃዎችን ዝርዝር አውጡና «ኦዲዮ» የሚል መስመር ፈልጉ። ከሌለ ባዮስ ላይ ተዘግቶ ወይም ዕቃው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌር አትንኩ።

2. ድራይቨሩ ይዞታል? ኤፕሌይ የካርዶቹን ዝርዝር ያሳያል። ካርድ የለም ካለ የከርነሉን መዝገብ አንብቡ፤ ፈርምዌር ጎድሎ ከሆነ የጎደለውን ፋይል በስሙ ይነግራችኋል። «ደሚ አውትፑት» የሚለውም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ የላይኛው ፎቅ ከሥሩ የሚጠቀምበት ካርድ አላገኘም። ስለዚህ የላይኛውን ነቅሎ መትከል ብዙ ጊዜ ልፋት ብቻ ነው።

3. ቁልፉ ተከፍቷል? አልሳሚክሰር ውስጥ ግቡና በኤፍ 6 ትክክለኛውን ካርድ ምረጡ። ከሥሩ ሁለት ኤም የተጻፈበት ቁልፍ ካለ ተዘግቷል፤ የኤም ቁልፍ ስትጫኑ ይከፈታል።

4. ድምፁ ወዴት እየሄደ ነው? ሴቲንጉ ላይ ኤችዲኤምአይ ተመርጦ ከሆነ ድምፁ ወደሌለ ቴሌቪዥን እየሄደ ነው። ይህ የማይመስል ግን በጣም የተለመደ ነው።

5. ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ስፒከሩ ዝም ካለ የላፕቶፕ ሞዴላችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ገና አልገባ ይሆናል። አዲስ ሥሪት ያለው ሊኑክስ በፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩ። እዚያ ከሠራ መድኃኒቱ ከርነል ማሳደስ ነው። እዚያም ካልሠራ አልሳኢንፎ የተባለው ስክሪፕት መረጃውን ይሰበስብላችኋል፤ ለአዘጋጆቹ ላኩት። ከእናንተ በኋላ ያንን ላፕቶፕ የሚገዛ አንድ የማታውቁት ሰው አለ።

ኮሜንት ላይ ለምትጠይቁኝ፦ «ድምፅ እምቢ አለኝ» ብቻ አትበሉኝ። ከአምስቱ የቱ ጋ እንደቆመ ጻፉልኝ፣ የላፕቶፑንም ሞዴል ጨምሩ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ፣ እኔ ያቃተኝን ሌላው ይመልሳል። ሰላም ሁኑ።